የትኩሳቱ ምርመራ ከወህኒው በር አይቁም

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የአንድ ተጠርጣሪ መንገድ የታወቀ ነው። ስማዳ ላይ የተያዘ ሰው መጀመሪያ ወገዳ ፖሊስ ጣቢያ ያድራል። ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቅበታል፤ ክሱ ከከበደ ወይም ከተፈረደበት ወደ ደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት ይላካል። ከላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ ከታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ መድረሻው እዚያው ነው። አብሮት የሚጓዘው የለበሰው ልብስ፣ ጋቢውና ካለችው አንዲት ብርድ ልብስ ናት። ዋስ ሲያገኝ፣ በነፃ ሲሰናበት ወይም ፍርዱን ሲጨርስ በዚያው ልብስ አገሩ ገብቶ ከልጆቹ አጠገብ ይተኛል። ስለዚህ በጣቢያም ሆነ በማረሚያ ቤት ትኩሳት ሲበዛ የሚደረገው የወረርሽኝ ምርመራ አጥር ውስጥ ተጀምሮ አጥር ውስጥ ካለቀ ግማሽ ሥራ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ምርመራውን የጤናው መዋቅር ይምራው፤ እስረኛው ራሱ ዋነኛ መረጃ ሰጪ ይሁን፤ ፍለጋውም ከማረሚያ ቤቱ በር ወጥቶ የተፈቱ ሰዎች እስከሚኖሩበት ቀበሌ ይድረስ።

በአገራችን ማረሚያ ቤቶች የሳንባ ነቀርሳ ከውጭው ይልቅ እንደሚበዛ በጥናት የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በጎንደር ማረሚያ ቤት የተካሄደ ጥናት በሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠሩ 250 ታራሚዎችን መርምሮ በ26ቱ ላይ በሽታውን አግኝቷል። ይህ ከማረሚያ ቤቱ ጠቅላላ ነዋሪ አንጻር ሲሰላ ከ100 ሺህ ሰው 1,482 ያህል ታማሚ ማለት ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ ከ100 ሺህ 1,913 አስመዝግቧል፤ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ሰባት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. በትግራይ ማረሚያ ቤቶች ላይ የቀረበው ጥናት ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ሳይታወቅላቸው ከሌሎች ጋር ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። በእነዚህ ጥናቶች ብዙ ሕሙማን የተገኙት አጥኚዎቹ ራሳቸው ስለፈለጓቸው ነው። ክሊኒክ ተቀምጦ ታማሚ መጠበቅ በገበያ ቀን ጎራ ለሚል ሰው ይሆን ይሆናል፤ ወደ ክሊኒክ ለመውጣት የጥበቃ ፈቃድ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አይሠራም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሳል ሁልጊዜ ስለሚሰማ የሁለት ሳምንቱን ሳል ከብርድ ሳል ለይቶ የሚያስተውል ሰው ከሌለ በሽታው ወራት ያስቆጥራል።

የሳንባ ነቀርሳ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው። ለጋይንትና ለስማዳ ደጋ ይበልጥ አጣዳፊ ሥጋት የሚሆነው በሳምንታት ውስጥ የአንድ ክፍል ሰው ሊጥል የሚችለው ግርሻ ነው። ግርሻን የሚያመጣው ቦረሊያ ሪከረንቲስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው። ከብዙው ዓለም የጠፋው ይህ በሽታ ዛሬም ከኢትዮጵያ አልወጣም። የልብስ ቅማል ማደሪያው የልብስ ስፌት ነው። የሹራብ ብብት ወይም የሱሪ ወገብ ቢገለበጥ ቅጫሙ በክሩ መስመር ላይ ተደርድሮ ይታያል። ባክቴሪያው ወደ ሰው የሚገባው በአብዛኛው ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅና የሚፈሰው ፈሳሽ የታከከ ቆዳ ወይም ዓይን ሲነካ ነው። ቅማል የጋለ ገላ አይመቸውም፤ ትኩሳት የያዘውን ትቶ አጠገቡ ወደተኛው ይሻገራል። እንግዲህ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመበት፣ ነፋስ መውጫም 3,000 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችበት አገር ክረምት ምን እንደሚመስል ነዋሪው ያውቀዋል። ሰው ልብሱን ደርቦ ተጠጋግቶ ይተኛል። የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ ቅያሪ የሌለው እስረኛም ማጠቡን ይተወዋል። በሽታው ደሃንና ብርድን ተከትሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በየካምፑ በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች መካከል ግርሻ በወረርሽኝ ደረጃ ተነስቶ ሕይወት ቀጥፏል። የቡሩንዲው ታሪክ ደግሞ ለእኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሰሜን ቡሩንዲ በንጎዚ እስር ቤት ትኩሳት ተነሳ። በሽታው በዚያው ቅማል የሚተላለፈው ታይፈስ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ታይፈስ በዚያች አገር ብርዳማ ከፍታዎች ላይ በተጠለሉ ተፈናቃዮች ዘንድ ተዛምቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አዳረሰ። በሽታው አንድ ጊዜ በሚወሰድ የዶክሲሳይክሊን ክኒን የሚድን ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ሆኖ ሳለ ወረርሽኙ የገነነው በእስር ቤቱ የታየው ምልክት ለውጭው ሕዝብ በጊዜ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ስለቀረ ጭምር ነው።

እኛ ዘንድ ምልክቱ እንዳይታይ የሚያደርግ የራሳችን ልማድ አለን። ትኩሳት ይዞት ጤና ተቋም የሄደ ሰው በመጀመሪያ የወባ ምርመራ ይደረግለታል። ዛሬ በጤና ኬላና በብዙ ቦታ ይህ የሚሠራው በፈጣን መመርመሪያ ነው። ፈጣን መመርመሪያው ወባ አለች ወይም የለችም ከማለት ውጪ ሌላ ነገር አያሳይም። ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምሳ በተባለው ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ግን የወባ ተውሳክን የሚፈልገው ዓይን የግርሻንም ባክቴሪያ ያገኛል፤ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ጠምዛዛ ክር የተጋደመ ሐምራዊ ነገር ነው። የወባ ምርመራው ነፃ ሲል ደግሞ የሚከተለውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው»። ለዚህ የሚታዘዙት ዊዳልና ዌል ፌሊክስ የተባሉት የደም ምርመራዎች ደካማ መሆናቸውን፣ ጤነኛውንም ታማሚ አስመስለው ሊያሳዩ እንደሚችሉ የዘርፉ ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በዚህ መንገድ አሥር እስረኛ በአንድ ሳምንት ቢታመም በመዝገቡ ላይ ሦስቱ «ታይፎይድ»፣ አራቱ «ታይፈስ»፣ የቀሩት «ጉንፋን» ተብለው ይበተናሉ። አንድ ወረርሽኝ ተቆራርሶ ሦስት ተራ በሽታ ይሆናል ማለት ነው። ደቡብ ጎንደር ይህን ስህተት ዋጋ ከፍሎበት ያውቀዋል። በሊቦ ከምከም ወረዳ የሰው ሕይወት የቀጠፈው ትኩሳት መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ሲታከም ከርሞ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ካላዛር የባክቴሪያ በሽታ ባይሆንም ትምህርቱ ያው ነው፤ ትኩሳትን በስም ብቻ ማከም ጊዜንም ሰውንም ያስበላል።

ትክክለኛ ምርመራ ከዚህ የሚለይባቸው ነገሮች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው በተቀራራቢ ቀን ከታመመ ክሊኒኩ ማከሙን ሳያቋርጥ በዚያው ቀን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ ደሙ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓትና መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድ፤ የግርሻ ባክቴሪያ ትኩሳቱ ሲበርድ ከመስታወቱ ላይ ስለሚጠፋ ዘግይቶ የተወሰደ ናሙና የሌለ በሽታ ያስመስላል። ሦስተኛ፣ የታማሚው ስምና ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። የት ክፍል፣ ከማን አጠገብ እንደሚተኛ፣ መቼ እንደገባ፣ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ፣ ብርድ ልብስ ከማን ጋር እንደሚጋራ በአንድ ዝርዝር ላይ ይጻፍ። ግርሻ ከተያዘ ሰው ወደ ሌላው ለመታየት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ ይህ ዝርዝር በሽታው እዚያው ክፍል መነሳቱን ወይም ከጣቢያ መምጣቱን ይለያል። አራተኛው የሚረሳው ነው። ባለፉት ሦስትና አራት ሳምንታት ከዚያ ክፍል ተፈተው የወጡ ሰዎች ስምና ቀበሌ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይተላለፍ። የወህኒው ደብተር ማን መቼ እንደወጣ ይመዘግባል፤ ያንን መረጃ ከጤናው ጋር የሚያገናኝ አሠራር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«ይህን ሁሉ ከማድረግ ለሁሉም መድኃኒት አድሎ መገላገል አይሻልም?» የሚል መልስ ከባለሙያም ጭምር ይሰማል። ሐሳቡ ከባዶ አልተነሳም፤ ግርሻና ታይፈስ በጥቂት መጠን መድኃኒት ይድናሉ፤ ወረርሽኙ ከተረጋገጠ በኋላም ለክፍሉ ሁሉ ማከሙ ትክክለኛ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ ማደሉ ግን ሦስት ጣጣ አለው። ግርሻ የያዘው ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ብርቱ ማንቀጥቀጥ፣ የትኩሳት መናርና የደም ግፊት መውረድ ሊያጋጥመው ይችላል። ይህን የሚከታተል ባለሙያ ሳይኖር ክኒን ሰጥቶ በሩን የዘጋ ክሊኒክ በሌሊት ሰው ሊሞትበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ትኩሳቱ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የማጅራት ገትር ከሆነ የተሳሳተው መድኃኒት ለጊዜው ጋብ አድርጎት ጊዜ ያስፈጃል፤ የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ የስድስት ወር ሕክምና የሚጠይቅ ነው። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን እንጂ ቅማሉን አይገድልም። ልብሱና ብርድ ልብሱ በፈላ ውሃ ካልታጠበ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ መነሻው እንመለሳለን።

የማረሚያ ቤት ኃላፊዎች በበኩላቸው ጸጥታን ያነሳሉ። በዚህ የግጭት ጊዜ የውጭ ሰው ዝርዝር ይዞ በየክፍሉ ሲገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ሲጠይቅ መፍራታቸው አይገርምም። መፍትሔው ግን መርማሪውን መከልከል አይደለም፤ ማን እንደሚገባና ምን መረጃ ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ነው። ጠባቂውም ቢሆን በዚያው አየር ውስጥ ውሎ ማታ ወደ ልጆቹ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ በአንድ እስር ቤት በአራት ሳምንት ውስጥ 46 እስረኞች በሳንባ ምች ባክቴሪያ ሲያዙ መርማሪዎች ከደም ናሙናው ጋር የክፍሎቹን አየር ለኩ። ለ3,500 ሰው የተሠራው ቤት 6,700 ያህል ሰው ይዞ ነበር፤ በሽታው የበረታውም ንጹሕ አየር በጣም ባነሰባቸው ክፍሎች ነበር። ያ ምርመራ ያለ አስተዳደሩ ትብብር አይሠራም ነበር፤ የተገኘውም ውጤት ለአስተዳደሩ የሚጠቅም መረጃ ነው። የእኛም አገር ማስረጃ አለ። በ2011 ዓ.ም. ላንሴት ግሎባል ሔልዝ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በትግራይና በአማራ ክልሎች በ16 ማረሚያ ቤቶች የተካሄደ ጥናት ታራሚዎች ራሳቸው ሠልጥነው ጓደኞቻቸውን ሲያስተምሩና ሲጠቁሙ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከሌሎቹ ማረሚያ ቤቶች በበለጠ እንደሚገኙ አረጋግጧል። በሌሊት ማን እንዳላበው፣ ማን ምግብ እንደተወ ከክፍል ጓደኛው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሠልጣኙ ታራሚ በየክፍሉ ካለ የውጭ ሰው መግባትም ይቀንሳል።

«ንጹሑ ገበሬ መድኃኒት አጥቶ ለእስረኛ ይህን ያህል?» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጋይንትና የስማዳ ገበሬ በእርግጥ ከጤና አገልግሎት የራቀ ነው። ነገር ግን በፖሊስ ጣቢያ የሚያድረው ሰው በአብዛኛው ገና ያልተፈረደበት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ ሰብአዊ ክብሩ እንዲጠበቅና ከሐኪሙ ጋር እንዲገናኝ ደንግጎለታል። የተፈረደበትም ቢሆን የተወሰነበት ነፃነቱን ማጣት እንጂ በግርሻ መሞት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች የእስረኛ ሕክምና ከውጭው ኅብረተሰብ ሕክምና ጋር እኩል እንዲሆንና ከአጠቃላዩ የጤና አስተዳደር ጋር እንዲቀናጅ ይጠይቃሉ። መብቱ ለማያሳምነው ሰው ጥቅሙን ማስላት ይቻላል። በእስር ቤቱ አንድ ሳምንት ቀድሞ የታወቀ ግርሻ ወገዳ ገበያ ከመድረሱ በፊት ይቆማል፤ መድኃኒት ያጣው ገበሬም የማያስፈልገው ሕመም ይቀርለታል። እንግሊዞች ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1577 በኦክስፎርድ እስረኞች ችሎት ቀርበው በነበሩበት ወቅት የተነሳው የወህኒ ትኩሳት ዳኞችን፣ የሸንጎ አባላትንና ታዳሚዎችን ጨምሮ 300 ያህል ሰው ገደለ። በሽታው ከሳሽና ተከሳሽ አልለየም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ፍርሃት ነው፤ «ወሬው ከወጣ ቤተሰብ ይሸበራል፣ ስማችን ይጠፋል» ይባላል። የእስረኛ ቤተሰብ ስንቅና ልብስ ይዞ ስለሚመላለስ ወሬው ከሪፖርቱ በፊት መንደር ይደርሳል። የተደበቀ ወረርሽኝ እናትን ያስለቅሳል እንጂ አያረጋጋትም። ምን እንደተገኘ፣ ስንት ሰው እንደታከመ፣ የመጣውን ልብስ እንዴት ማጠብ እንደሚገባ ቢነገራት ግን እሷ ራሷ የመከላከሉ አካል ትሆናለች። እዚሁ አገር ከ150 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1866 ኮሌራ የአጼ ቴዎድሮስን ጦር ሰፈር በጣና ዳር ሲያጠቃ ሰፈሩ ተነስቶ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጣ የመከረው ከንጉሡ እስረኞች አንዱ የነበረው ሐኪም ሔንሪ ብላንክ ነው። ንጉሡ ሰፈራቸውን አንስተው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። ያን ያህል ቁጡ የነበረ ንጉሥ የእስረኛን የጤና ምክር ከሰማ የዛሬ አስተዳደር የጤና ባለሙያን ሪፖርት ለመስማትና ለማውጣት የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ጉዳዩ ከምንጊዜውም በላይ ዛሬ አስቸኳይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ታስሯል፤ ከመደበኛ ማረሚያ ቤቶች ውጭ ሰዎች መያዛቸውንም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በግጭቱ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ መድኃኒት ዘግይቷል። መጨናነቅ ሲበዛና ዓይን ሲቀንስ የቅማል በሽታዎች ይነሳሉ፤ 1983 ይህን አሳይቷል። ዋናው እንቅፋት ግን ከግጭቱ በፊትም የነበረ ነው። የማረሚያ ቤት ክሊኒክ ተጠሪነቱ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ነው፤ ስለዚህ ወረርሽኝ አለ ብሎ የሚመሰክረው ነርስ በአለቃው ቤት ላይ ሊመሰክር ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994፣ እንግሊዝ በ2006 የእስር ቤት ሕክምናን ወደ ጤናው መዋቅር ያዛወሩት ይህን የመሰለ ችግር ለማቃለል ነው። እኛ በአንድ ጊዜ እዚያ ላንደርስ እንችላለን፤ ቢያንስ የወረርሽኝ ምርመራው ግን ዛሬውኑ ወደ ጤናው ሊዞር ይችላል።

ስለዚህ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንና ለፖሊስ ኮሚሽን የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ በሚፈርሙት ሰነድ ለደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት እንዲሁም ለነፋስ መውጫ፣ ለአርብ ገበያ፣ ለወገዳና ለመካነ ኢየሱስ ጣቢያዎች አንድ የጤና ተጠሪ ይሰየም። ትኩሳት በተነሳ በ48 ሰዓት ውስጥ የደም መስታወት ይወሰድ። የሚፈታው ሰው ዝርዝር ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ይድረስ። የምርመራው ውጤትም የእስረኛ ስም ሳይጠቀስ ለሕዝብ ይነገር። ማይክሮስኮፕና ቀለሙ በጤና ተቋማት አለ፤ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያዎችም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ። የቀረው ፊርማው ነው፤ እሱም ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ መፈረም አለበት።